ከባድ ዊንች ከፊት ለመግጠም፦ የትኛው አገጣጠም ለየትኛው መኪና?

ዊንች (በሞተር ኃይል ገመድ እየጠቀለለ የተያዘ መኪና የሚያወጣ መጎተቻ) ሊገዛ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ይጎትታል፣ ገመዱ ስንት ሜትር ነው፣ ሞተሩስ ውሃ ይችላል ወይ ብሎ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት እንዲጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነው፦ ዊንቹ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጎትት ያ ጉልበት በየትኛው ላሜራ፣ በየትኞቹ ብሎኖች አልፎ ነው ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጥንት) ጋ የሚደርሰው? ሞተሩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የሚጎትተው የታሰረበት ነገር እስከቻለ ድረስ ብቻ ነው። ማሰሪያው ከለቀቀ በተወጠረ ገመድ ጫፍ ላይ 40 ኪሎ የሚሆን ብረት ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው፤ ወዴት እንደሚወረወር ደግሞ ማንም አያውቅም።

ይህን የተማርኩት በዓይኔ አይቼ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ጭቃ የዋጠውን ፒክአፕ በእሱ ዊንች እየጎተትን ሳለ ከመኪናው አፍንጫ በኩል ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማን። ወዲያው አቆምን፤ ገመዱን አላላን፤ የእጅ ባትሪ ይዘን ከስር ገባን። ዊንቹ የተቀመጠበት ላሜራ መሃሉ እንደ ሰሃን ጎድጉዷል። በኋለኞቹ ሁለት ብሎኖች ዙሪያ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል፤ አንደኛው ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል። በጣቴ ስነካው ብረቱ ትኩስ ነበር። ላሜራው 3 ሚሊ ነው። ከላይ ሲያዩት ግን በጥቁር ቀለም አምሮ ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አገጣጠም የምመዝነው ጉልበቱ ከገመዱ እስከ ሻንሲው በሚሄድበት መንገድ ነው፤ ምን ያህል አጭር ነው? ምን ያህል ቀጥተኛ ነው? ክብደትና ውበት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

የዊንቹ ልክ

የተለመደው ስሌት የመኪናውን ክብደት ከነሙሉ ጭነቱ በ1.5 ማባዛት ነው። እስከ 1,435 ኪሎ የሚፈቀድለት ባለ ሦስት በሩ አዲሱ ሱዙኪ ጂምኒ 2,150 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ የ6,000 ፓውንድ ዊንች (2,720 ኪሎ) ሲያልፍበት እንጂ አያንሰውም። ተጭኖ 3,300 ኪሎ የሚደርስ ፒክአፕ ግን 4,950 ኪሎ ይፈልጋል፤ 9,500 ፓውንዱ (4,310 ኪሎ) ያንሰዋል፣ 12,000 ፓውንዱ (5,440 ኪሎ) ይመጥነዋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ገመዱ በሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ የመጀመሪያው ድርብ ገመድ ብቻ ሲቀር የሚገኘው ጉልበት መሆኑንም ልብ ይበሉ። ድርብ በተጨመረ ቁጥር ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

«ትልቅ ከሆነ አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ይጎዳል። ለትንሽ መኪና 12,000 ፓውንድ ሲያስሩለት ዊንቹ ደክሞ ከመቆሙ በፊት ማሰሪያው ወይም የሻንሲው አፍንጫ ይሸነፋል። ማሰሪያው ሁልጊዜ ከዊንቹ መበርታት አለበት።

ከ8,000 እስከ 12,000 ፓውንድ ያሉ የመኪና ዊንቾች በአብዛኛው የሚታሰሩት በአራት ብሎኖች ነው፤ የቀዳዳዎቹ ርቀት 254 በ114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ የተለመደ ስለሆነ ዊንች ቢቀይሩም ማሰሪያውን መቀየር አያስፈልግዎትም። እንደ ዋርን 8274 ሞተራቸው ወደ ላይ የቆመ ዊንቾች ግን ቁመታቸው የተለየ ነው። ብዙ ዘመናዊ ፓራውልቶች ውስጥ አይገቡም፤ እንዲህ ዓይነቱን ከወደዱ ፓራውልቱን ለዊንቹ ይምረጡ።

ሙሉ የብረት ፓራውልት

የፋብሪካው ፓራውልት ወልቆ የዊንች መቀመጫ በውስጡ ያለው ወፍራም የብረት ፓራውልት በቦታው ይገባል። በጥሩ አሠራሩ የዊንቹ መቀመጫና ሻንሲውን የሚይዙት ሁለት ክንፎች አንድ አካል ናቸው። ጉልበቱ ከዊንቹ እግር ወደ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው በቀጥታ ወደ ግራና ቀኝ የሻንሲ ዘንግ ይሄዳል። ከሁሉ አጭሩና ቀጥተኛው መንገድ ይህ ነው። ገመዱ ወደ ጎን ሲጎተትም የሚችለው ይህ ነው።

የጎን ጉተታን ብዙ ሰው አያሰላውም። ገመዱ መውጫው ላይ በ45 ዲግሪ ሲታጠፍ ሮለሩ (ገመዱ ተደግፎት የሚያልፍ ተሽከርካሪ ብረት) ላይ የሚያርፈው ሸክም የገመዱን ጉልበት 76 በመቶ ያህላል። ዊንቹ 4,300 ኪሎ እየጎተተ ከሆነ 3,300 ኪሎ ገደማ ሮለሩንና የተሰካበትን ላሜራ እየገፋ ነው ማለት ነው። ወፍራም ፓራውልት ይህን ለሁለቱ ዘንጎች ያከፋፍለዋል። ቀጭን ላሜራ ይጣመማል።

ዕዳው ክብደት ነው። ፓራውልቱ ብቻውን ከ50 እስከ 90 ኪሎ ይመዝናል፤ ዊንቹ ከነብረት ገመዱ 40 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። የወለቀው ተቀንሶ 110 ኪሎ ተጨመረ እንበል። ሸክሙ ከፊት ጎማዎች መሃል 90 ሳንቲሜትር ወደ ፊት የወጣ ከሆነ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ደግሞ 2.85 ሜትር ካለ፣ የፊት ጎማዎች ላይ የሚያርፈው 110 ኪሎ ብቻ አይደለም፤ 145 ኪሎ ነው። ትርፉ 35 ኪሎ የመጣው ከኋላ ጎማዎች ላይ ተነስቶ ነው፤ መኪናው እንደ ሚዛን አፍንጫውን ደፍቶ ኋላውን ያቀላል። በእርጥብ አስፋልት ላይ ባዶ ፒክአፕ ፍሬን ሲይዙ ይህ ይታወቃል።

ስለዚህ ይህን የመረጠ ሰው የፊት ሞላውን ወይም ባሌስትራውን ለተጨማሪው ክብደት በሚሆን አብሮ ያስባል። ከመግጠምዎ በፊት ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ይጻፉ፤ ከገጠሙ በኋላ መልሰው ይለኩ። ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ከወረደ ሞላው ሊታሰብበት ይገባል፤ የፊት መብራቱም መልሶ መስተካከል አለበት። የአሉሚኒየም ፓራውልት ከክብደቱ ብዙ ያድናል። ነገር ግን ድንጋይ ሲመታው እንደ ብረት ተቀጥቅጦና ተበይዶ በየትም ቦታ አይስተካከልም። ሩቅ ለሚሄድ ሰው እኔ ብረቱን እመርጥለታለሁ።

ሌላው የኤርባግ ጉዳይ ነው። የፋብሪካው ፓራውልት ጀርባ ግጭት ሲደርስ ተጨማድደው ኃይሉን የሚውጡ ሳጥኖች አሉ፤ የግጭት ሴንሰሮችም እዚያው አካባቢ ይቀመጣሉ። እነዚያን በድፍን ብረት ከተካቸው ኤርባጉ የሚፈነዳበት ጊዜ ሊዛባ ይችላል። ለመኪናዎ ሞዴል ተብሎ የተሠራና ከኤርባግ ጋር እንዲስማማ የተፈተነ መሆኑ በጽሑፍ የተገለጸ ካልሆነ አይግዙ። በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም። ከፊት ራዳር ወይም የማቆሚያ ሴንሰር ያለው መኪናም ቦታ ይፈልግላቸዋል።

ከፋብሪካው ፓራውልት ጀርባ የሚደበቅ መቀመጫ

እዚህ የመኪናው መልክ አይለወጥም። ከሻንሲው ጋር የሚታሰር የብረት መቀመጫ ከፓራውልቱ ጀርባ ይገባል፤ ውጭ የሚታየው የገመዱ መውጫ ብቻ ነው። ክብደቱ ከሙሉው ፓራውልት በእጅጉ ያነሰ ነው። ዊንቹም ወደ ጎማው ቀርቦ ስለሚቀመጥ አፍንጫውን የመድፋት ጉልበቱ ይቀንሳል። ዕለት ተዕለት ለሚነዳ፣ ዊንቹን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚጠቀም ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው።

ፈተናው ቦታ ነው። ዊንቹ ራዲያተሩ ፊት የሚውል ከሆነ አየር ይዘጋል። ኢንተርኩለር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ከታች ያለው የናፍጣ መኪና ከሆነማ ሙቀቱ ረጅም ዳገት ላይ ይታወቃል። ሁለተኛው ችግር የመልቀቂያው ማንሻ ነው። ገመዱን በእጅ ለመሳብ ከበሮውን ነፃ የሚያደርገው ማንሻ ከፓራውልቱ ውስጥ ከተቀበረ፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው እጅዎን እስከ ክርን አስገብተው ሊፈልጉት ነው። ብዙ ዊንቾች ላይ የጥርሱ ቤት (ማንሻው ያለበት የማርሽ ሳጥን) ተፈትቶ ወደሚመች አቅጣጫ ዞሮ ይታሰራል፤ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑም ተነስቶ ኮፈን ስር ይገባል። ይህ የሚሠራው ዊንቹ ቦታው ከመግባቱ በፊት ነው። ከበሮውም ቢያንስ ከላይ በኩል በዓይን የሚታይ ይሁን። ገመዱ ባንድ ወገን ተከምሮ ሲጠቀለል ካላዩት መቀመጫውን ወይም የዊንቹን አካል ገፍቶ ይሰብራል።

የሚደበቅ መቀመጫ ሲገዙ ሻንሲውን በስንት ነጥብ እንደሚይዝ ይቁጠሩ። ከፊት ለፊት በሁለት ብሎኖች ብቻ የሚንጠለጠል ካለ ይለፉት። ከጎንም ከስርም የሚያያዝ ነው ጥሩው።

ተነቃይ መቀመጫ

ለተጎታች ማያያዣ የሚሆነው ባለ 50 ሚሊ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ከፊትም ከኋላም ይሠራና ዊንቹ እጀታ ባለው መቀመጫ ላይ ሆኖ እንደ ሹካ ይሰካበታል። ሐሳቡ ያጓጓል፤ ሳያስፈልግ ቤት ይቀመጣል፣ ሲያስፈልግ ከኋላም ይጎትታል። ግን ሁሉም ጉልበት በአንድ ዘንግና በአንድ ፒን ያልፋል። ቀጥ ብሎ ሲጎትት ደህና ነው፤ ወደ ጎን ሲጎትት ግን ያ አንድ ዘንግ ይጠመዘዛል። ደግሞም ከነመቀመጫው ከ50 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ በጭቃ ውስጥ፣ በዝናብ፣ ብቻዎን አንስተው ሊሰኩት ሲሞክሩ ያውቁታል። ሁለት መኪና ሆነው ለሚጓዙ፣ ቀላል መኪና ላላቸው፣ ቀጥተኛ ጉተታ ብቻ ለሚያስቡ ይሁን። ለከባድ መኪና ዋና አገጣጠም አድርጌ አልመክረውም።

ብየዳ ቤት የሚሠራ

ለመኪናዎ ሞዴል የተሠራ ዝግጁ ነገር ካልተገኘ ጥሩ በያጅ ከፋብሪካ የማይተናነስ ሊሠራ ይችላል። አይቻለሁ። ግን ምን ማዘዝ እንዳለብዎ ማወቅ የእርስዎ ፋንታ ነው።

የዊንቹ መቀመጫ ላሜራ ከ6 ሚሊ አይነስ። ዝርግ ሆኖ መቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ጠርዞቹ ታጥፈው ወይም ከስሩ አንጎላሬ ተበይዶበት መጎድጎድ እንዳይችል ይደረግ። የጓደኛዬን ያበላሸው ውፍረቱ ብቻ አልነበረም፤ ድጋፍ ማጣቱም ነው። ፊቱ ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ሞተሩ፣ ከበሮውና የጥርሱ ቤት በአንድ መስመር ካልተቀመጡ ከበሮው ይያዛል፤ ሞተሩም ያለ ሥራ ይግላል። ብየዳ ላሜራን እንደሚያጣምም አይርሱ፤ ሥራው ሲያልቅ ቀጥ ያለ ብረት አጋድመው ብርሃን ከስር ሲያልፍ ያዩ እንደሆነ ይፈትሹ።

ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው በብሎን ይሁን እንጂ በብየዳ አይሁን። የብየዳ ሙቀት የሻንሲውን ብረት ያዳክማል፤ ስንጥቁ የሚጀምረውም ከብየዳው ጠርዝ ነው። ቀዳዳ ሲያስፈልግ የሻንሲው የቆመ ጎን ላይ ይበሳ፤ የላይኛውና የታችኛው ፊት አይነካ፤ ዋናውን ሸክም የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሻንሲው እንደ ሳጥን የተዘጋ ከሆነ ብሎኑ በሚያልፍበት ውስጥ ልኩን የጠበቀ የብረት ቱቦ ይግባ። አለዚያ ዳዶውን ባጠበቁ ቁጥር የሻንሲው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይረገጣል፤ ብሎኑም የጠበቀ እየመሰለ ይላላል። ለሻንሲው ከ12 ሚሊ ያላነሰ፣ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ የተቀረጸበት ብሎን፣ ወፍራም ሮንዴላና ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ እጠቀማለሁ። ምንም ቁጥር የሌለበት ብሎን ለዚህ ሥራ አይሆንም። የዊንቹ እግር ብሎኖች ደግሞ አብረውት የመጡት ይሁኑ። ረዘም ያለ ካስገቡ ጥርሱ መጨረሻ ላይ ይነክሳል፤ ቁልፍዎ ጠበቀ ይልዎታል፣ እግሩ ግን አልተያዘም። ዊንቹ ራሱ ደግሞ ፈጽሞ አይበየድም።

ሻንሲ የሌላቸው፣ አካላቸውና አጥንታቸው አንድ የሆነ መኪኖች አሉ፤ ላዳ ኒቫ እንዲህ ነው፣ በ2020 የመጣው አዲሱ ላንድሮቨር ዲፌንደርም እንዲሁ። ለእነዚህ ብየዳ ቤት መሄድ አልመክርም። የፓራውልቱ ማሰሪያ የተሠራው ከፊት የሚመጣ ግጭትን ለመመከት እንጂ ወደ ፊት ለመጎተት አይደለም። ለሞዴሉ የተጠና መቀመጫ ካልተገኘ ዊንቹን ይተዉት።

እግሩ ወደ ታች ወይስ ወደ ፊት?

ዊንቹ መቀመጫው ላይ ቁጭ ብሎ በስሩ ሲታሰር ገመዱ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ዊንቹን ወደ ፊት ሊገለብጠው ይታገላል፤ የኋለኞቹ ብሎኖች ይወጠራሉ። የጓደኛዬ ላሜራ የተሰነጠቀው ከኋላ የሆነውም ለዚህ ነው። እግሩ ወደ ፊት ዞሮ ከቆመ ላሜራ ጀርባ ሲታሰር ግን ጉተታው ዊንቹን ላሜራው ላይ ይለጥፈዋል፤ ሸክሙን የሚችለው ላሜራው ነው፣ ብሎኖቹ ያርፋሉ። ምርጫ ካለ ሁለተኛውን እወዳለሁ። ነገር ግን ሁሉም ዊንች በሁለቱም አይታሰርም። መመሪያው የሚፈቅደውን ያንብቡ፤ የሞተሩ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳም ወደ ታች መዋሉን ያረጋግጡ።

ገመድ፣ መውጫና ኤሌክትሪክ

የብረት ገመድ ከሮለር ጋር፣ ሲንተቲክ ገመድ ደግሞ ለስላሳ አፍ ካለው የአሉሚኒየም መውጫ ጋር ነው የሚሄደው። የብረት ገመድ የቧጨረው ሮለር ላይ ሲንተቲክ ካለፈ ይቆረጣል። ሲንተቲኩ 10 ኪሎ ያህል ከአፍንጫው ላይ ያነሳልዎታል። መውጫውም እንደ ሮለር ወደ ፊት ስለማይወጣ ገደል አፋፍ ሲወጡ መሬት አይነካም። ቢበጠስም በውስጡ ያከማቸው ጉልበት አነስተኛ ስለሆነ እንደ ብረት ገመድ አይገርፍም። አሸዋና ሹል ድንጋይ ግን ይጎዱታል፤ ፀሐይም ታደርቀዋለች። ሁልጊዜ ቋጥኝ ላይ ለሚጎትት ሰው ብረቱ አሁንም ቦታ አለው። ከበሮው ላይ ለብረት ቢያንስ 5 ዙር፣ ለሲንተቲክ ቢያንስ 8 ዙር ሳይፈታ ይቅር።

በመዘውር ገመዱን አጥፈው ሲጎትቱ ተመልሶ የሚመጣው መንጠቆ ዊንቹ ላይ ወይም መቀመጫው ላይ አይታሰር። ያ መንጠቆ ብቻውን ዊንቹ የሚጎትተውን ያህል ይሸከማል። ስለዚህ አገጣጠም ሲመርጡ ከዊንቹ የተለየ፣ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር የታሰረ መጎተቻ መኖሩን አብረው ይዩ። የተደበቁ መቀመጫዎች ብዙዎቹ የፋብሪካውን መጎተቻ ይሸፍኑታል፤ ምትክ ካልሰጡ ጎዶሎ ናቸው።

ከባድ ዊንች በሙሉ ጭነቱ ከ400 አምፔር በላይ ይስባል። ዲናሞው ይህን አይችልም፤ የሚከፍለው ባትሪው ነው፤ ስለዚህ ሞተር አስነስተው ትንሽ እየጎተቱ፣ ትንሽ እያሳረፉ ይሥሩ። ገመዶቹ በቀጥታ ከባትሪው ይምጡ፤ ባትሪው አጠገብ ማጥፊያ ይኑራቸው። በላሜራ ጠርዝ የሚያልፉበት ቦታ ሁሉ በጎማ ቱቦ ይሸፈን። ተላልጦ ሻንሲ የነካ ገመድ መኪና ያቃጥላል።

እኔ ብሆን

ብቻዬን ሰው ወደማያልፍበት የምሄድ፣ መኪናዬም ከባድ ከሆነ፣ ለሞዴሉ የተሠራ ሙሉ የብረት ፓራውልት ከሲንተቲክ ገመድ ጋር፣ ሞላውንም አብሬ አስቀይሬ። በሳምንት አምስት ቀን ከተማ የምነዳ ከሆነ የተደበቀውን፤ የሙቀቱን መለኪያ ግን ለጥቂት ሳምንታት እየተከታተልኩ። ቀላል መኪና ከሆነ አነስ ያለ ዊንች በተደበቀ መቀመጫ ላይ፤ የከባድ መኪና ፓራውልት ለጂምኒ መጫን መኪናውን የሚወደድበትን ቅልጥፍና ማሳጣት ነው። በጀቱ ለዊንቹም ለማሰሪያውም እኩል የማይበቃ ከሆነ ጥሩ ማሰሪያ ዛሬ ገዝቼ ዊንቹን ቆይቼ እገዛለሁ። የተገላቢጦሹን አላደርግም።

ገጠማው ካለቀ በኋላ ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ መመሪያው በሚለው ልክ ያጥብቁ። ከዚያ በነጭ ቀለም ከእያንዳንዱ ብሎን ራስ ተነስቶ ላሜራው ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር ያስምሩ። ገመዱን ሜዳ ላይ ዘርግተው፣ መኪናውን ረጋ ባለ ዳገት ላይ ፍሬኑን በትንሹ ይዘው፣ በመጠኑ እንደተወጠረ አስተካክለው ይጠቅልሉት፤ ላላ ብሎ የተጠቀለለ ገመድ በመጀመሪያው ከባድ ጉተታ ወደ ታችኛው ድርብ ይሰነቀራል። ያን ዕለት ማታ፣ ከመጀመሪያው እውነተኛ ጉተታ በኋላም እንደገና፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ከስር ይግቡ። ነጩ መስመር ከብሎኑ ራስ ወደ ላሜራው ሳይሰበር ካለፈ ብሎኑ አልዞረም። ከተዛነፈ እስኪፈተሽ ድረስ በዊንቹ አይጎትቱ።